አዋሽ የሄደው የለቅሶ ድንኳን

ባለፈው ወር የእድራችን ጸሐፊ፣ በስልክ ሲያናግረኝ እንኳን ጎንበስ የሚል የሚመስለኝ ትሑት ወጣት፣ ደውሎ በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ያለው የእድሩ ዕቃ ቤት ሊጸዳ መሆኑንና የድሮው ሸራ ድንኳን እንዲጣል መወሰኑን ነገረኝ፤ "አባትዎ ብዙ ዘመን ስለጠበቁት ሳልነግርዎ ባስጥለው ደስ አይለኝም ብዬ ነው" አለ። ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ። በሩ ሲከፈት ገና ምኑንም ሳላይ ሽታው ቀደመኝ፤ የስንት ክረምት ዝናብ ጠጥቶ የደረቀ ሸራ፣ ናፍታሊን፣ ላምባና አይጥ አንድ ላይ። የድሮ ልደታ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ ያሸተተው ሁሉ ሳያስበው ፊቱን ያጠቁራል፣ ሴቱም እጁን ወደ ነጠላው ይሰዳል፣ ምክንያቱም ያ ሸራ የሚዘረጋው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። እኔን ግን ያስቀኛል። ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት በገባን ቁጥር ድንኳኑ ሲሸተኝ ሳቄ ስለሚመጣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ የእኔን እንባ ያዩ ጎረቤቶች "አይ ይቺ ልጅ፣ አንጀቷ እንዴት ይባባል!" ይሉ ነበር።

ጥቅሉን በስልኬ መብራት ፈትሼ የምፈልገውን አገኘሁት። ከድንኳኑ አናት ላይ፣ መሐል ለመሐል፣ የትልቅ ትሪ ስፋት ያላት የካኪ እራፊ በፍራሽ ክር ተጥፋለች፤ ስፌቱ የሰከረ ሰው የሄደበት መንገድ ይመስላል። ካኪው የአባቴ ሱሪ ነው። ክሩ የጋሽ ሰይድ ነው። ቀዳዳው ግን የዝንጀሮ ነው፤ ይህንን ለጸሐፊው ብነግረው በሐዘን አእምሮዬ የተነካ ስለሚመስለው ተውኩት።

እኛ ያደግንበት የልደታ ሰፈር ፍርድ ቤት አጠገብ ስለሆነ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጠበቃ ነበር። ዶሮ ከጎረቤት ግቢ እንቁላል ብትጥል እንቁላሉ የዶሮዋ ባለቤት ነው ወይስ የሣሩ ባለቤት ተብሎ ሁለት ቀን ይከራከሩበታል። አባቴ ደግሞ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በጃንጥላ ጥላ ተቀምጦ በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ስለነበረ፣ ቤት ውስጥ እንኳን "ከላይ በተገለጸው ምክንያት ሽሮው ጨው ይጎድለዋል" ማለት ይቃጣው ነበር። ከታይፑ ሌላ የሚኮራበት ነገር ቢኖር የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊነቱ ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮ ይተኛል፤ ድስቱን፣ አግዳሚውን፣ ከሁሉም በላይ ድንኳኑን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ሰው በሞተ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ካልቆመ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምስም ነበር።

ታዲያ ይህ ጠንቃቃ ሰው አንድ ቀን አፉ አመለጠው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ግድግዳ ላይ የሳላ ሥዕል ለጥፈው ነበር፤ አመድማ ገላ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መስመር፣ ቀጥ ብለው ሰማይ የሚወጉ ሁለት ቀንዶች። ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ እኔ ሳላውን ሳይ ከረምኩና አባቴን አዋሽ ፓርክ ውሰደኝ ብዬ ነዘነዝኩት። እሱም በሰው ፊት "አንደኛ ከወጣሽ እወስድሻለሁ" አለ። ከስድሳ ምናምን ተማሪ ሠላሳ አንደኛ ስለነበርኩ በልቡ ምንም ስጋት አልነበረውም። ሰኔ ላይ ግን ሦስተኛ ወጣሁ።

አባቴ ውሉ ስለ አንደኛ እንጂ ስለ ሦስተኛ አይናገርም ብሎ ሊረታኝ ሲል ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ከእኔ በላይ የወጡት የመምህራችን መንታ ልጆች መሆናቸው ታወቀ፤ ፈተናውን ካወጣው ሰው ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርስ ተማሪ በደረጃ አይቆጠርም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነና እኔ አንደኛ ሆንኩ። ፈራጆቹ ፍርዳቸው መፈጸሙን በዓይናችን ማየት አለብን አሉ፤ ሲቆጠሩ ሃያ ስምንት ነበሩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅጥቅጥ አውቶብስ ይነዳ ስለነበር፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ደርሰን እንድንመለስ ተነጋገርን።

ችግሩ የመጣው ከፀሐይ ነው። እናቴ የአዋሽ ፀሐይ እንቁላል ይቀቅላል ሲሉ ሰምታ ኖሮ ያለ ጥላ ንቅንቅ አልልም አለች፤ ሌሎቹም ሴቶች ደገፏትና የሁሉም ዓይን አባቴ አንገት ላይ አረፈ። አባቴ ቁልፉን በመዳፉ ሸፈነ። የእድሩ ሕግ አባል ሳይሞት ንብረት ከሰፈሩ አይወጣም ይላል፤ ሕጉን ያወጡት ሊቀመንበሩ ጋሽ በርጋ፣ ልጃቸውን ሲድሩ እንኳን ድንኳኑን ለሠርግ አላስነካም ብለው ሙሽሮቹን በዝናብ ያስደበደቡ ሰው፣ ያኔ ለመስቀል ጉራጌ አገራቸው ገብተዋል። እሳቸው ስለሌሉ ማንም አያውቅም ብለው ወተወቱት። አባቴ ለሁለት ሳምንት እንቢ ካለ በኋላ ትክክለኛውን ፍርሃቱን አወጣው፦ "አባባ ደምሴስ?"

አባባ ደምሴ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ሰንጋ ተራ የእውነት ሰንጋ ይቆምበት በነበረ ዘመን የታወቁ የከብት ደላላ ነበሩ፤ በሬ ከሩቅ አይተው የሥጋውን ልክ፣ የጥርሱን ዕድሜና የባለቤቱን ውሸት ይናገራሉ ይባልላቸዋል። ገበያው ከቦታው ከተነሳ በኋላ የሚያዩት ከብት ስላጡ ነው መሰለኝ ቀስ በቀስ ሁሉን ነገር ማየት ተዉ። በዚያ ዓመት ሦስት ወር ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ ቄሱም መጥተው ሄደዋል፣ እንጨቱም ተፈልጧል፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሰይድም ሁለት ጊዜ ጥሩምባውን አንስተው ሁለት ጊዜ "ገና ናቸው" ተብለው መልሰዋል። ድንኳኑ አዋሽ እያለ አባባ ደምሴ ልደታ ቢያርፉ አባቴ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም ነበር፤ ቁልፉንም፣ ስሙንም፣ የኖረበትንም ኩራት በአንድ ቀን ያጣል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ሳላዬ ከእጄ ሲወጣ ታየኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ "ታዲያ እሳቸውንስ ብንወስዳቸው?" አለች።

መጀመሪያ የሳቀም የተቆጣም ነበር። በኋላ ግን የልደታ ሰው ነውና ነገሩን በሕግ ዓይን መመርመር ያዘ። ድንኳኑ የሚፈለገው ሰውየው ባሉበት ነው፤ ሰውየው ከድንኳኑ ጋር ከሄዱ ድንኳኑ ከሰውየው አልተለየም፤ እንግዲህ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? አባቴ ራሱ የክርክሩ ውበት ማረከው። ሴት ልጃቸው እትዬ አስካለ አባታቸውን ሊጠይቁ ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። የዱር አራዊት ለማየት እንደምንሄድ ሲነገራቸው አባባ ደምሴ ከግድግዳው ሳይዞሩ "ቀንድ አላቸው?" አሉ። አዎ አልናቸው። "እንግዲያው ልያቸው" አሉ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ድንኳኑ ከነምሰሶውና ከነአግዳሚዎቹ ጣሪያ ላይ ታሰረ፤ አባባ ደምሴ ከኋላ ባለው ረጅም ወንበር ላይ ጋቢ ለብሰው ተጋደሙ። ጋሽ ሰይድ፣ ወሎዬ ናቸው፣ ሥራቸው ፍራሽ ማደስ ነው፣ "ለማንኛውም" ብለው ጥሩምባውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እስላምም ክርስቲያንም አንድ ላይ እንድንበላ ሥጋ አልተያዘም፤ ድፎ ዳቦ፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ ድንችና ቆሎ ነበር፤ እትዬ አስካለም "ለማንኛውም" ብለው ከድፎው ሥር አዲስ ነጭ አቡጀዴ አጣጥፈው ደብቀዋል። አቡጀዴው የምን እንደሆነ ሁሉም አውቆ ሁሉም እንዳላየ ሆነ። በየአሥር ደቂቃው አባቴ ከፊት እየተነሳ ወደ ኋላ ይሄድና ጋቢው ከፍ ዝቅ ማለቱን አይቶ ይመለሳል፤ ሞጆ ስንደርስ ከመንገዱ ይልቅ ጋቢውን ማየቱ አድክሞት ነበር።

ከሞጆ ወዲያ አንድ ፍተሻ ላይ አስቆሙን። ወጣቱ ፖሊስ ጣሪያው ላይ ያለውን ድንኳን አየ፣ ጋሽ ሰይድን ከነጥሩምባቸው አየ፣ ከኋላ የተጋደመውን ሽማግሌ አየ፤ ቆቡን አውልቆ አንገቱን ደፋ። "ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን" አለ። ከጋቢው ሥር "አሜን፣ የአንተንም" የሚል ድምፅ ወጣ። ፖሊሱ ወደ ኋላ ዘሎ በሩን በጀርባው መታው፤ አጎቴም ሒድ መባሉን ሳይጠብቅ ነዳው። አባባ ደምሴ በሦስት ወር ውስጥ ለውጪ ሰው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

ፓርኩ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ስካውት፣ የፓርኩ ጥበቃ፣ አብሮን ተሳፈረ፤ የዚያው አገር ልጅ፣ ከረዩ፣ ቀጠን ብሎ ንግግሩ የተቆጠበ። አትውረዱ፣ አትጩኹ፣ ፀጥ ካላችሁ ብዙ ታያላችሁ አለን። ሃያ ስምንት የልደታ ሰው ፀጥ በሉ ማለት ግን ቀላል ነገር አይደለም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ንፋሱ ሲያስተኛው ከእግሩ ሥር ቀይ አፈር ብቅ ይላል፣ ግራሮቹ ጃንጥላ ዘርግተው አልፎ አልፎ ቆመዋል፤ እንዲያ ያለ ሰፊ ሜዳ አይቼ ስለማላውቅ አጥሩ የት ነው ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ነገር ሣሩ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አውቶብሱ በአንድ አፍ "ያውና!" ይላል፤ ያ ነገርም ቂጡን አሳይቶን ይጠፋል። እስከ እኩለ ቀን የሚዳቋ ቂጥ፣ የሰጎን ቂጥና የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ትልቅ ቂጥ አየን። ሳላ የለም።

የሚታይ ሲጠፋ ክርክር ተነሳ። ሳላ ይበላል ወይስ አይበላም? እናቴ ሰኮናው ከተሰነጠቀና ካመሰኳ ይበላል አለች፤ ጋሽ ሰይድም እንደሚበላ አልካዱም፣ ግን ቢላዋውን ማን ይይዛል የሚለው ላይ ተለያዩ። ነገሩ እየጋለ ሄዶ የፊት ወንበር ከኋላ ወንበር ሊኳረፍ ሲል አንድ ከርከሮ ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ ልጆቹን አስከትሎ በመንገዱ አለፈ። ሁሉም በአንድ ጊዜ "ኧረ ወዲያ!" ብሎ ፊቱን አዞረ፤ በዚያችው ደቂቃ ሰላም ወረደ። ስካውቱ መስኮቱን እያየ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ።

ምሳ ለመብላት ከወንዙ ዳር፣ ለጎብኚ በተፈቀደ የግራር ጥላ ሥር ቆምንና ድንኳኑ ወረደ። አባቴ ምሰሶና ካስማ ሲያስተክል እጁ የለመደውን ነውና ልክ ለለቅሶ እንደሚተከለው አድርጎ አቆመው፤ አግዳሚዎቹም በለመዱት መልክ በዙሪያው ተደረደሩ። ሰዉ ደግሞ ሸራው ሲሸተው እግሩ የለመደውን ሠራ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው፣ ገብተው ተቀመጡና ዝም አሉ፤ አንዳንዱ አገጩን በመዳፉ ደግፏል፣ እናቴም ሳይታወቃት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ስካውቱ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ ጎንበስ አለና "ማን ሞቶባችሁ ነው?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። መሐል ላይ የተኙትን አባባ ደምሴን አሳየሁት። "እሳቸው ናቸው፣ ግን ገና ናቸው" አልኩት።

ከምሳ በኋላ ፏፏቴውንና አዞውን እንይ ተባለ። አባቴ ከድንኳኑ መራቅ አልፈለገም፤ ግን ቃሉ ቃል ነው፣ እኔም እጁን ይዤ እየጎተትኩት ነው። እትዬ አስካለን ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ አጠገብ አልተነሱም፣ ትንሽ አየር ያግኙ ብለው እናቴና ሌሎቹ አስነሷቸው። ጋሽ ሰይድ ከአባባ ደምሴ ጋር ቀሩ። ፏፏቴው ቡና በወተት መስሎ ሲወርድ፣ አዞው አሸዋው ላይ ግንድ መስሎ ተኝቶ ነበር፤ ግንድ ነው አይደለም የሚል አዲስ ክርክር ገና ሲጀመር ጥሩምባው ተነፋ።

በልደታ የጥሩምባ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ለኳስም፣ ለሠርግም፣ ለምንም አይነፋም። አባቴ እጄን ለቆ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። እኔም በዚያች ሰዓት ሳላውን፣ ደረጃዬን፣ ሦስተኛ የወጣሁበትን ቀን ሁሉ ጠላሁ፣ ምክንያቱም ሰውየውን ከአልጋቸው አስነስቼ በረሃ ያስገደልኳቸው፣ አባቴንም ያዋረድኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። እትዬ አስካለ "አባዬ! አባዬን!" ብለው ሮጡ። ሃያ ምናምን ሰው ዋይ ዋይ እያለ፣ ደረቱን እየመታ፣ ነጠላውን እየጎተተ ተከተላቸው፤ ስካውቱም አንበሳ የመጣ መስሎት ጠመንጃውን አቀባብሎ አብሮን ሮጠ።

ቁጥቋጦውን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ነው ሳላዎቹ የተነሱት። ለካስ ጠዋቱን ሙሉ እዚያው አጠገባችን ሣር ውስጥ ተኝተው ነበር። ከዚህ ጥሩምባ፣ ከዚያ የልደታ ለቅሶ ሲመጣባቸው መንጋው በሙሉ ግር ብሎ ተነሳ፤ ሃምሳ ይሁኑ መቶ አላውቅም፤ ቀንዳቸው ሁሉ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ከእግራቸው ሥር ቀይ አቧራ እየተነሳ፣ መሬቱ በእግሬ መዳፍ ሥር እየተንቀጠቀጠ በፊታችን አቋርጠው አለፉ። እየሮጥን ነበር፣ ቆምን። ለቅሶው አፋችን ላይ ቀረ። እኔ እንባዬ እየወረደ አፌን ከፍቼ አየኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ያህል የሚያምር ነገር አላየሁም፣ አላይምም።

አቧራው ሲገልጥ ድንኳኑ ታየ። አናቱ ተቀዶ አንዱ ወገን ረግቧል። አባባ ደምሴ ተቀምጠዋል፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በከዘራቸው አየሩን ይመታሉ፤ ከፊታቸው አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ የተረፈውን ድፎ በብብቱ ይዟል፤ ጋሽ ሰይድም ከዝንጀሮው ጆሮ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ጉንጫቸው እስኪፈነዳ ጥሩምባውን ይነፉበታል። ዝንጀሮው ዳቦ ሸቶት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ኖሮ የስንት ዘመን ሸራ አልችለው ብሎ ተቀዶበት አባባ ደምሴ አጠገብ ዘጭ ብሏል። እሳቸው በኋላ እንዳጫወቱን፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ የዝንጀሮውን ፊት አይተው መሞታቸውን ተረድተው ነበር፤ ያናደዳቸው ሌላ ነው። "አርባ ዓመት ልደታን ተሳልሜ፣ የተላከልኝ መልአክ ይሄ ነው?" ብለው ነው ከዘራቸውን ያነሱት።

እትዬ አስካለ እግራቸው ላይ ወድቀው ሲስሙ አባባ ደምሴ ግን ዓይናቸው ሜዳው ላይ ነበር። በከዘራቸው ወደ መንጋው እያመለከቱ "ከኋላ ሦስተኛዋን አያችኋት? ከብዳለች። ጥር ላይ ትወልዳለች፤ ዳሌዋ ይናገራል" አሉ። ስካውቱ ዓይኑን አጥብቦ ብዙ ካየ በኋላ "እውነታቸውን ነው" አለ። ሦስት ወር ግድግዳ ያየው ዓይን ማለት ያ ነበር። ከዚያም ራበኝ አሉ፤ የተረፈው ድንች ቀረበ፤ መሬቱ አቧራማ ስለሆነ እትዬ አስካለ ያንን ነጭ አቡጀዴ አውጥተው ከፊታቸው ዘረጉትና መግነዛቸው ላይ አስቀምጠው አበሏቸው። አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ አለቀሰ፣ በመጨረሻ ቀና ብሎ ሰማዩን በድንኳኑ አናት ሲያየው ሁለቱንም ተወ።

የመልስ መንገዱን በሙሉ ጋሽ ሰይድ በፍራሽ መርፌያቸው ሲጥፉ መጡ። የሚሆን ጨርቅ ሲታጣ አባቴ የካኪ ሱሪውን አንድ እግር ከጉልበቱ በላይ ቆርጦ ሰጣቸው፤ አውቶብሱ በዘለለ ቁጥር ስፌቱም ይዘል ነበር። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ በዚያን ዕለት ልደታ የገባው አንድ እግሩ ሱሪ፣ አንድ እግሩ ቁምጣ ሆኖ ነው።

ጋሽ በርጋ ከመስቀል ሲመለሱ ማንም ሳይነግራቸው አባቴ ራሱ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናዘዘ፤ ቁልፉን ከማተቡ ለይቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቁልፉ የሌለበትን አንገቱን ማየት አልቻልኩም፤ ከእናቴ ኋላ ተደበቅኩ። ጋሽ በርጋ ቁልፉን ሊያነሱ ሲሉ ከበሩ የከዘራ ድምፅ መጣ። አባባ ደምሴ በእግራቸው መጥተዋል። "ሕጉ ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶ ነው ይላል አይደል?" አሉ፤ "የወጣው ለእኔ ለቅሶ ነው። ጥሩምባው ተነፍቷል፣ ተለቅሷል፣ አቡጀዴውም ተዘርግቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሟች ለቀረው ድንኳን ጠባቂው ምን በደለ?"

ጋሽ በርጋ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ፈረዱ። አባቴ ታደሰ አላጠፋም፣ ቁልፉን ያንሳ፤ ሆኖም አቶ ደምሴ በሕጉ ለአንድ አባል የሚፈቀደውን የድንኳን ተራ ስለተጠቀሙ በእውነት ሲሞቱ ሁለተኛ አይተከልላቸውም። አባባ ደምሴ "ተስማምቻለሁ" ብለው ጨበጧቸው። በሬ ሲያሻሽጡ የሚጨብጡት አጨባበጥ ነው ብሎ አባቴ በኋላ ነግሮኛል።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሩ። ሰንጋ ተራ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ የሚሠራውን ፎቅ ከሥር ቆመው "መሠረቱ ቀጭን ነው፣ ወገብ የለውም" እያሉ ይተቹ ነበር። ሲያርፉ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቁልፉን ይዞ ቆመ፤ ሊከፍት አልደፈረም፣ ሊሄድም አልሆነለትም። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ በርጋን ይጠብቃል። ጋሽ በርጋ ዓይናቸው ቀልቶ መጡና "ሕግ ሕግ ነው" አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም "ግን ያ ድንኳን ያን ቀን ተቀዷል። ቀዳዳ ድንኳን እንደ ሙሉ ድንኳን አይቆጠርም። ተራው አልደረሳቸውም፤ ትከሉ" ብለው የመጀመሪያውን ምሰሶ ራሳቸው አነሱ። አባባ ደምሴ የተለቀሰላቸው በዚያች የካኪ እራፊ ሥር ነው። ሰው ሲያለቅስ ቆይቶ ቀና ሲል እራፊዋን ያያል፤ ያየም ትከሻው በሳቅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ቄሱ ሳይቀሩ ፊታቸውን በመስቀላቸው ጋርደው ነበር።

ሰፈሩ የፈረሰው ከዚያ ዓመታት በኋላ ነው። አንዱ በጀሞ፣ አንዱ በየካ፣ አንዱ በዘመድ ቤት ተበተነ፤ እኛ ዕጣ ወጥቶልን እዚያው ልደታ፣ ድሮ የአባባ ደምሴ ግቢ ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣን። ጋሽ በርጋም፣ ጋሽ ሰይድም፣ እናቴም በየተራቸው ሄዱ። አባቴ ያረፈው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እድሩ ደንበኛ ነው፤ ብረት ምሰሶ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ድንኳን በሃያ ደቂቃ ቆመ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ሞቱም በጥሩምባ ሳይሆን በስልክ መልእክት ተነገረ። ሰው ሁሉ በጨዋነት መጣ፣ በጨዋነት ተቀመጠ። እኔ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ምንም አይሸትም። ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ የሚቆነጥጠኝ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው "ቀዳዳ እኮ ነው፣ ምን ያደርግልዎታል?" ሲለኝ እወስደዋለሁ አልኩት። ሁለት ጎረምሶች ጥቅሉን ተሸክመው በደረጃው ሲወጡ እኔ ከኋላ ተከተልኩ፤ ሽታውም ከሁላችን ቀድሞ ወጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ በር ተከፈተና አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ "ውይ፣ ማነው ያረፈው?" አለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ በባዶ እግራቸው ወጡ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አምስት ዓመት በደረጃ ስንተላለፍ አንገት ከመስበር በቀር ተነጋግረን የማናውቅ ወጣት ጎረቤቴ ሕፃኗን አቅፋ ቆማ "እትዬ፣ ማን ሞተብዎት?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ማንም አልሞተም ልላት ነበር። ግን ውሸት መሰለኝ። አባቴን፣ እናቴን፣ አባባ ደምሴን፣ ጋሽ ሰይድን ከነጥሩምባቸው፣ ጋሽ በርጋን ከነሕጋቸው፣ ሰው ሊሞት ሲል ትቶት ከመሄድ ይልቅ ጠቅልሎ ይዞት የሚሄደውን ያንን ሰፈር በሙሉ አሰብኩና ጎረምሶቹን ድንኳኑን እዚያው አውርዱት አልኳቸው። ጥቅሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

"ብዙ ሰው ነው የሞተብኝ" አልኳት፤ "ተቀመጪና ላጫውትሽ።"